ምርመራ የሚለው ዓምድ

ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ እንጀራዬ ቁጥር ነው፣
ሽንብጥ፣ ድባንቄ፣ በር የማንኳኳው።
ሳይክሌን ከዘንባባው ግንድ አስደግፋለሁ፣
"መብራት ኃይል!" እላለሁ፤
ውሻው ይመልሳል። ሰው እጠብቃለሁ።

ድሮ ይህ ከተማ በሁለት ጎማ ሲሄድ፣
ደወል ነበር ቋንቋው፣ አንዱ ላንዱ መንገድ የሚፈቅድ፤
አሁን ባጃጅ ነው፣ ጥሩምባው የማይነጥፍ፣
ዜብራው ላይ ቆሞ ሰው ይለቅማል እንጂ ሰው አያሳልፍ።
እኔም ስቸኩል ከመሐል እሾልካለሁ፣
ሥርዓት የጎደለው ሌላ ሰው ነው እላለሁ።

በመዝገቤ ጠርዝ ላይ አለች አንዲት ዓምድ
የቀጠነች እንደ ገመድ፣
"ምርመራ" ትባላለች፤
"በር ዝግ"፣ "ውሻ አለ"፣ "ተከራይ ለቀቀች"፣
ከዚህ ሌላ ቃል ኖሯት አያውቅ፤
አለቃዬም ሰው ነው ከቁጥር የማይርቅ።

ረቡዕ ረፋድ ድራማው በድጋሚ ይታያል።
አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ድምፅ መች ይይዛል?
እኔም ታሪኩን በግቢ በግቢ እሰማለሁ፣
አንዱ ደጅ የጀመረውን ሌላው ደጅ እጨርሳለሁ።

በወይዘሮ ባንቺአምላክ በር ልጅቱ አለቀሰች፣
"አባቴን ንገሩኝ፣ ማነው?" እያለች፤
በሻምበል ይስማው አጥር ሥር
እናቲቱ ዝም፣ ክራሩ ብቻ ሲናገር፤
ሦስተኛው ግቢ ስደርስ ማስታወቂያ መጣ፣
ሳሙናና ቀለም፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፤
ወደሚቀጥለው ፔዳሌን ረገጥሁ
(እውነቱን ላውጣና፣ ሁለት ቤት ዘለልሁ)።
ደረስሁ።
አሮጌው ዘበኛ ገባ። ሳለ። ወንበር ሳበ።
"ልጄ ሆይ፣ አባትሽማ..."
እልም።

ኤጭ! አለ ሰፈሩ ባንድ አፍ፣
ከአጥር አጥር ሲተላለፍ፤
በዲኤስቲቪ ቤት ፍጹም ቅጣት ምት ሲሳት
እንዲህ ያለ እሪታ ሰምቼ አላውቅም፣ በእውነት።

በሮች ተከፈቱ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ፣ ሰደርያዬ ላይ።
"አንተ ነህ?" አሉኝ እንደ ሌባ ከበው፣
"አላጠፋሁም" አልሁ፣ "ቁጥር ነው የማነበው።"

ሻምበል በፒጃማ፣ ባንቺአምላክ በነጠላ ጫማ፣
በእጣቢ ውሃ ሳቢያ ሁለት ክረምት ሙሉ
"እንደምን አደሩ" እንኳ ያልተባባሉ፣
ዛሬ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው
"ነጋዴው ነው አባቷ!" "የለም፣ ዘበኛው ነው!"
የባጃጁ እንየው ሞተሩን አጥፍቶ
"ሹፌሩ ነው" አለ፣ ለሙያው አድልቶ።
ተከራይዋ ተማሪ በስልኳ ቀድማ አይታው
ፍጻሜውን ታውቃለች፤ አፏን ግን አትፈታው፣
ጥፍሯን ትቀባለች፣ ቀይ፣ አንድ ባንድ።

ወሬው ከአባት ወደ ጣና ዞረ፦
ቅዳሜ እምቦጭ ሊነቅል ማን እንደቀረ፣
ማን ፎቶ ተነስቶ፣ እግሩን ሳያርስ እንደተሰወረ፣
ማን የጠጣበትን የውሃ ፕላስቲክ
ከነቀለው አረም መሀል እንደወረወረ።
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴን ወዲያ ሸሽጌ፤
ፎቶው ላይ አለሁ፣ ደረቅ ካልሲ አድርጌ።

ከሐይቁ ነፋስ መጣ፣ የደንገልና የዓሣ ሽታ፤
ማንም ወደ ቤቱ አልገባም ለአፍታ።
ቆጣሪውን አየሁት፤ ቆሟል፤ አንድ አሐዝ አልጨመረም፣
ይህን ሁሉ ጨዋታ ማን ላይ እንደምጽፈው አላወቅሁም።

"መጣ!" አለ አንድ ሕፃን።
ፍሪጅ አጓራ። ድንጋዩ ባዶ ቀረ።
በር ጓ። በር ጓ።
ድራማው ግን አልቆ የአየር ጠባይ ነበረ፦
ለባሕር ዳር ደመና።

(ማግስቱን ባንቺአምላክ እጣቢዋን እዚያው ደፋች፤ ሰምቻለሁ።)

እኔ ግን ያን ዕለት በጠባቧ ዓምድ
"ከአራት ተኩል እስከ አምስት፣ በር ሁሉ ክፍት" ብዬ ጻፍሁ።
አለቃዬ ቀይ እስክሪብቶውን መዘዘ፣
"ይህ ፍጆታ አይደለም" ብሎ ሰረዘ።
ልክ ነው፤ አይደለም።
የዘለልኋቸውን ሁለቱን ቤቶች ግን
አላያቸውም።