ሰባት ገዢ

ከዛገው ሐዲድ ዳር፣ በዶሊና መንደር፣
በሳስካችዋን ሜዳ ሰባት የእህል ጎተራ ነበር።
ቀዩ ከቢጫው ጎን፣ ቢጫው ካረንጓዴ፣
ሁሉም «ወዲህ በል» ባይ፣ ሲታጨድ ስንዴ።

የኦሬስት አባት ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣
ካንዱ ደጅ ወዳንዱ ጭነቱን ጎትቶ፣
ያኮርፋል፣ ይወጣል፣ ይጠሩታል ዳግም፤
ሁለት ሳንቲም ሳይጨምሩ አይሸኙትም።
ያቺ ሁለት ሳንቲም ናት ለልጁ ጫማ የሆነችው፣
የቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰችው።

ማንም ማንን አልዘረፈም፣ የጮኸ ጥይት የለም፤
አንድ ክረምት ቢጫው ቀዩን ገዛው፣ በሰላም።
«ውሕደት ነው» ተባለ፤ አዳራሹ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ፤
በሳምንቱ የቀዩ ጎተራ ግድግዳ በዶዘር ፈረሰ።
ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ሰማያዊው፣ ከዚያ... ኦሬስት ራሱ ረስቷል፤
ጎረቤት አንድ በአንድ ሲሄድ ተራውን ማን ይቆጥራል?

አርባ ዓመት ፈጀ። ፀጉር እንደሚሸብት ነበር፤
በየማለዳው፣ መስታወት ፊት፣ ምንም የማይታይ ነገር።

ዛሬ አንድ ብቻ ነው፤ ኮንክሪት፣ ነጭ፣ ከደመና የሚስተካከል፣
ሰማንያ ኪሎሜትር ርቆ፣ ባቡር ሙሉ ይጭናል እህል።
እኔ ነኝ ሾፌሩ። የኦሬስትን ስንዴ እወስዳለሁ፤
ዋጋውን ስክሪን ላይ አንብቤ በስልክ እነግረዋለሁ።
«ሌላስ ቦታ?» ይላል፣ ሌላ እንደሌለ እያወቀ፤
ዘሩን የሸጠለትም ያው ነው፤ ያ ስም ብቻ ነው የጸደቀ።

ትናንት፣ መኪናዬ እስኪሞላ፣ ካጠገቤ ቆሞ፣
ከፍርስራሹ ያዳነውን የዋጋ ሰሌዳ ተሸክሞ፣
«እህል የሚሸምት ሰው በቋንቋህ ምን ይባላል?» አለኝ።
«ገዢ» አልኩት፤ ደግሞም ሳላስበው አፌ ጨመረልኝ፦
«በሰው ላይ የሚሠለጥነውም ያው ገዢ ነው ስሙ፤
ድምፁም ፊደሉም አንድ ነው፣ አይለይም ቀለሙ።»

ሳሉ እስኪነሣ፣ ጉልበቱን ይዞ ሳቀና፣
«ጻፋት» አለኝ፣ ጠመኔ ከኪሱ አወጣና።
ከሰባቱ መስመር ባንደኛው በኛ ፊደል ጻፍኩለት፤
ስድስቱ ባዶ ቀሩ፤ የበረዶ ብናኝ አረፈበት።

ልነሣ ስል በሩን መታ፦ «ሁለት ሳንቲም ጨምሩ በላቸው።»
«እሺ» አልኩት።
እዚያ ያለው ስክሪን ነው፤ ሰዎቹን የት አግኝቼ ልንገራቸው?