ሦስተኛው ገንዳ

ቆሮሶ ነው ዘሩ፤ አያቱን ከቦዬ ረግረግ ያወጣው፣
ጣሃ አባ ሚልኪ ነው፣ በባልዲ፣ በባጃጅ ያመጣው።
«ወንድ ነው» አለን በኩራት፣ «ዓሣ አይጠፋኝም እኔ።»
አልተሳሳተም፤ ወንድ ነበር፣ ዘር ሲሰጥ አይቻለሁ በዓይኔ።
በኋላ ግን ስንከፍተው፣ ስስ አድርገን ቆርጠን በማይክሮስኮፕ ስናየው፣
ከዘር ፍሬው መሐል እንቁላል ነበረው።
እንቁላል፣
አድራሻ እንደሳተ ደብዳቤ
በማያውቀው ሰው በር ሥር የተሸጎጠ።

ልጆቹ የተፈለፈሉት እዚህ ነው፣ በተጣራ ውሃ።
የልጅ ልጆቹም እዚህ።
ቦዬን አያውቁትም፤ የአወቱን ጥቁር አረፋ፣
ከጫት ማሳ ታጥቦ የሚወርደውን አላዩም።
በሦስተኛው ገንዳ የሚዋኙትን እነዚህን
አንድ ጠብታ አልነካቸውም።
ሆኖም ከመቶ እንቁላላቸው አርባ አንዱ
ነጭ ሆኖ ያድራል፣ እንደ ጨው።
እኔ እቆጥራለሁ። ሥራዬ መቁጠር ነው።

ሰው ይላል፦ ዓሣ ግማቱ ከጭንቅላቱ።
ይህ ግን ከራስም አይደል፣ ከጅራትም፤ ካያቱ።

ተማሪዎቹ ይጠይቁኛል፦ «ዘረመሉ ተቀየረ ወይ?»
አልተቀየረም እላለሁ፤ ፊደሉ ያው ነው።
ጠመኔ አነሣና «ዋና» ብዬ እጽፋለሁ።
ሲጠብቅ አለቃ ነው። ሲላላ ውሃ መቅዘፍ።
ሁለት ፊደል፤ ምንም አልተጨመረ፣ አልተገደፈ።
ይጥበቅ፣ ይላላ የሚል ምልክት ከጽሕፈቱ ላይ የለም፤
አንደበት ነው የሚያውቀው፣ ከቤት የሚወረስ።
የነዚህ አያት አንደበት
አንድ ክረምት፣ በአንድ መርዝ፣
መላላት ያለበትን አጠበቀ፤
ልጅም ሰምቶ አጠበቀ፤
የልጅ ልጅም።

አባቴ ዲኖ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበር።
ከሰርቦ እስከ አሰንዳቦ የብረት ጋኑን አዝሎ፣
ዲዲቲ በየግድግዳው እያርከፈከፈ፣
በር ላይ ቀኑን በጠመኔ እየጻፈ።
በዓመቱ ሲመለስ፣ ወባ ያልወሰዳቸው ልጆች
«አባ ዱቄት! አባ ዱቄት!» እያሉ ይከተሉት ነበር።
ማታ ማታ ቱታውን እናቴ በእጇ ታጥበዋለች፤
እኔ በሆዷ ሳለሁም።

ሦስት ጊዜ አስወርዶኛል።
ሐኪሙ ካርዱ ላይ «ምክንያቱ አይታወቅም» ብሎ ጻፈ።
ትክክል ነው። እኔም በመዝገቤ የምደጋግመው ቃል ነው።
ዓሣ ሰው አይደለም። ለተማሪዎቼ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ትናንት ሌሊት መብራት ሄደ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም።
አየር የሚነፋው ማሽን ዝም ሲል
የገንዳዎቹ ጸጥታ ጆሮ ይወጋል።
በባትሪ የምትሠራ አንዲት መንፊያ ብቻ አለችን፤
መመሪያውም ግልጽ ነው፦ ቅድሚያ ለጤነኛው ገንዳ፤
ማወዳደሪያ ከሌለ ጥናት የለም።
ዘበኛው ሸረፋ የእጅ ባትሪውን ወደ መስታወቱ አዞረና
«የታመሙት የትኞቹ ናቸው?» አለኝ።
ሁሉም ያምራሉ።
ሁሉም ወደ ብርሃኑ መጡ።

መንፊያዋን ለጤነኞቹ ሰጠሁ።
ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ በኩባያ፣
ከሦስተኛው ገንዳ ቀድቼ፣ ከፍ አድርጌ መለስኩ፤
ቀዳሁ፣ መለስኩ።
ሸረፋ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ መጣ።
«ስኳሩን እጠብ!» ጮኽኩበት።
አጥቦ ተመለሰ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል
ሁለታችን ውሃን ከፍ ዝቅ ስናደርግ አደርን።
አንድም አልሞተ።

ጠዋት አባቴ ደወለ፤ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦
«ዓሦችሽ አደሩ?»
«አድረዋል አባ።»
«እንቁላሉስ?»
መዝገቡ ፊቴ ተከፍቷል፤ እስክሪብቶዬ አርባ አንድ ላይ ቆሟል።
«እየቆጠርኩ ነው» አልኩት።
«ገና ነው።»