የጠመኔ ካርቶን

ቢቸና፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣
ከተሰበረ ዴስክ መሀል፣ ዝናብ ሳይጠሩት ሲገባ፣
የጠመኔ ካርቶን ቀደን፣ “ምክር በነፃ” የሚል ለጥፈን፣
አንማው፣ ይታይሽና እኔ፣ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ተሰልፈን።

“ፈተና ላይ ሆዴ ይጮኻል፤ ምን ይሻለኛል?” አለ አንዱ፤
አንማው፦ “ቆሎ ቃምበት፤ ጥርስ ከጮኸ አይሰማም ሆዱ።”
“የምወዳት ልጅ ስሜን አታውቅም” ላለን ይታይሽ ፈረደች፦
“አርፍድ፤ መምህሩ ይጠራዋል፣ ሳትወድ ትሰማለች።”
ሳምንት አረፈደ፤ ስሙን ልጅቷም ዘበኛውም አወቀ፤
“ወላጅ አምጣ” ተባለ፤ ምክራችን እንዲህ ጸደቀ።

ሐሙስ ግን አንዲት ወረቀት፦
“ልጄ ካኮረፈኝ 7 ቀኑ። ምን ብዬ ልጀምር?”
መቀነት የታጠቀች 7፣ ከሰሌዳ የምናውቃት ቁጥር።
አንማው ጣራ አየ፤ ይታይሽ ያሰረችውን ጫማ ፈታች፤
የሒሳብ መምህራችን፣ የአባቴ ናት፤ ተንፏቃ ወደ እኔ መጣች።

ጻፍኩ፦
“ውጤቱን አይጠይቁት፤ ኳስ ሲያይ አጠገቡ ይቀመጡ፤
ጎል ሲገባ፣ ባይገባዎትም፣ አብረውት ትንሽ ይቅበጡ”

ሰኞ ካርቶኑ ሲከፈት፣ መልሴ እዚያው ተመልሶ፣
በቀይ ብዕር ታርሞ፣ ከአሥር ስምንት ጎርሶ፤
ከሥሩ፦ “አራት ነጥብ ጎድሏል።
እሁድ ስንት ሰዓት ይጀምራል?”