እንስላል

የልጄ ሚስት ዮቪታ ካፖርቴን አልብሳ
"ዛሬስ ድንች የለም፣" አለችኝ፣ "ተነሳ!"
ዋርሶ ጥር ላይ ናት፤ ቪስዋ በረዶ ለብሷል፣
ትራሙን ሌላ ይነዳል፣ ከኋላ ሰው ተኝቷል፤
እኔ ግን በጫማዬ ፍሬን እየፈለግሁ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼው፣
ጡረታ ወጣሁ እንጂ ገና አልወረድሁ።

ፕራጋ ሰፈር ገባን። ቤቱን አውቀዋለሁ፤
የኮርዴክ ጎሚስታ ነበር፣
የብስክሌቴን ጎማ ስንቴ አስለጥፌበታለሁ።
አሁን መብራቱ ቀይ ነው፣ ግድግዳው ከሰል፣
ወንበሩ ለፎቶ እንጂ ለወገብ የተሠራ አይመስል።
ሜኑውን ከፈትሁት፦ ፊደሉ የጉንዳን፣ ዋጋው የዝሆን።
ፒዬሮጊ በጠጅ ሣር፣ ቀይ ሥር በኮኮናት፣
የጎመን ጥቅልል ደግሞ፣ ምን ነክቶት እንደሆን እንጃ፣ ዓሣ መረቅ ውስጥ ይዋኛል።
"ፊውዥን ነው፣" አለችኝ።
"እኔ የማውቀው ፊውዝ ነው፣
ሲቃጠል ትራሙን መሐል መንገድ የሚገትረው።"

ሁለት ቀጫጭን እንጨት ፊቴ አስቀመጡ።
አንዱ ሲነሣ አንዱ ወድቆ ይቀራል፤
ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ይህ ጨዋታ ይገባኛል።
"ሹካ!" አልሁ።

ከዚያ ዓሣው መጣ፣ ምጣዱ ላይ እየተንጫጫ፣
በእርድ ተለውሶ፣ ቢጫ ላይ ቢጫ፤
በላዩ ግን እንደ ሣር፣ እንደ ጎፈሬ፣ ያለ ስስት፦
እንስላል!
"ይኼማ የኛ ነው!" ብዬ ጮኽሁ፤ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞሮ አየኝ።
"አዲሱ ድንች ላይ ማን በተነው?
የኪያሩን ማሰሮ ማን አጣፈጠው?"

አስተናጋጁ ኩዋንግ፣ እዚሁ ፕራጋ የተወለደ፣
ፖልኛው ከኔ ይልቅ የሰፈሩን አራዳ የለመደ፣
ሳቀና እናቱን ጠራ።
እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች፣ ቁመቷ ከልጇ ክርን እኩል።
"የኛም ነው፣" አለች። "ሃኖይ እናቴ
ዓሣውን ያለሱ አትጠብስም።
እዚህ በመጣሁ ሳምንት ገበያ ላይ አየሁት፣
አገሬን ያገኘሁ መስሎኝ እቅፍ ሙሉ ገዛሁት።"

ስሟ ንጋ ነው።
ስታዲየሙ ገበያ በነበረ ጊዜ
ሾርባ በድስት ተሸክማ ትሸጥ ነበር፣ አለ ልጇ፣ በኩራት።

ማኘኬን አቆምሁ።
አንድ ጥር። ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት። ሳይነጋ።
አንዲት ሴት፣ ድስቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ፌርማታው ጋ።
"ይሸታል!" አለ አንዱ ከኋላዬ። "ይሸታል!" አለች ሌላዋ።
አዝራሩን ተጫንሁ፤
በሩ ተዘጋ።
በመስተዋቴ ስትቀር አየኋት፣ ስታንስ፣ ስታንስ፣
ነጥብ እስክትሆን።

ንጋ ትሁን ሌላ፣ በምን ልለያት?
ሳይነጋ ነበር፤ ሳይነጋ ፊት አይታይም።
ብጠይቃትስ? "አዎ" ብትለኝ ወዴት እገባለሁ?

ሳላዝ ሾርባ አመጣችልኝ። "ለብርዱ ነው፣ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።"
ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት፦
ዝንጅብል፣ ያረረ ሽንኩርት፣ ሌሊቱን እሳት ላይ ያደረ አጥንት።
"ይሸታል፣" አልሁ።
ዮቪታ በጠረጴዛው ሥር በእግሯ ጎሸመችኝ።
"ያውዳል፣ ያውዳል ማለቴ ነው!" አልሁ ፈጥኜ።
ፈጥኜ? ሠላሳ ዓመት ዘግይቼ።
ንጋ ሳቀች። ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ስንወጣ በሩን ያዝሁት። ከባድ በር ነው።
አንድ የሞተር ልጅ ሣጥኑን አዝሎ ገባ፣ ሁለት ሴቶች ወጡ፣
ከዚያ በረዶው ብቻ፣ እየተሽከረከረ።
"አባባ፣ ዝጋው እንጂ! ሰው እኮ ይበርደዋል።"
መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ። ማንም የለም።
"ቆይ፣" አልኋት፣ "የቀረ ሰው ይኖራል።"