ሰዓት በሊታ

ሰኞ ለት ተነገረ፤ ከቅዳሜ ይጸናል፤
ሰዓት በሊታ የሚሉት ካርታ ከገበታ ይወጣል።

እኔ በሳምንቱ ቀን የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዳኛ ነው የሚሉኝ።
ዊኒፔግ፣ ሳርጀንት ጎዳና፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን
የሄልጋ ሱቅ አለ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን፣
መስኮቱ በረዶ ሲጋገር፣
ሃያ ሰው ይሰበሰባል ካርታ ሊደረድር።

ለማያውቀው ልንገር፦ ምስሉ አያስፈራም፤
አፍ ያለው የግድግዳ ሰዓት ነው፣ ጥርስ እንኳ የለውም።
ሥራው ነው ሌላ። ጠረጴዛ ሲነካ
የባላጋራን ተራ ይውጣል፤ አይጠግብም ለካ፣
ወደ እጅ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል፣
እንደገና ይውጣል፤
ተራህን ነጥቆህ ተራ ሰው ያደርግሃል።
የቀረህ ሥራ ቢኖር እጅ አጣጥፎ መቀመጥ፣
የሌላውን ጣት ማየት፣ ምራቅን መዋጥ።
ኦርቪል የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ አንድ ቀን
ተራው እስኪደርሰው መንገድ ተሻግሮ
ሳንድዊች ገዝቶ መጣ።
ጨዋታው አልቋል። እሱም አልተቆጣ።

ዳኛም ነውር አለበት። ቤቴ፣ መደርደሪያ ላይ፣
አንዲት የፕላስቲክ ዋንጫ አለች፤ ያገኘኋት በዚያው ሲሳይ።
ማክሰኞ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣
ረቡዕ መለስኩ።

ወንድሜ ከካልጋሪ ደውሎ «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» አለኝ።
«ካርታ ታገደ» አልኩት።
«የየትኛው ቤት?» ብሎ ጮኸብኝ፣
«ዕዳ ነበረብሽ?»
እስካስረዳው ድረስ ግማሽ ሰዓት በላኝ።

ቅዳሜ ክሪሳንቶ መጣ፤ አሥራ አራት ዓመቱ፣
አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል በተቀደደ ጓንቱ።
የአሥራ አንድ ቤት ደጃፍ በረዶ ጠርጎ፣
ሳንቲም በሳንቲም ላይ አድርጎ፣
አራተኛዋን ሰዓት በሊታ የገዛው እሑድ ነበር፤
እሑድ! ሰኞ ሊነገር።
ሄልጋ የሸጠችውን አትመልስም፤ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤
ይህን እሱም ያውቃል።

ሥልሳ ካርታ ቆጠርኩለት። አራቱም አሉ፣
በአዲስ ልባስ፣ ጭረት ሳይነካቸው፣ ያበራሉ።
«አልሰማህም?»
«ሰምቻለሁ። ዛሬን ብቻ። አንድ ቀን ብቻ።»

እኛ ዘንድ አንድ ቃል አለ፤ የሚሮጥ ሌባ እንኳ ይቆምለታል፤
«በሕግ አምላክ» ይባላል።
አፌን ከፈትኩ። በእንግሊዝኛ ምን ይሆናል?
«ይቅርታ» አልኩት። ቀስ ብሎ አወጣቸው፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ጠረጴዛው ላይ በግንባራቸው ደፋቸው።

በጎዶሎው ምትክ፣ አንዱን በአምስት ሳንቲም፣
አራት የጉድጓድ እንቁራሪት ገዛ። ሌላ ሥራ የላቸውም፤
ይዘላሉ፤ ያው ነው።
ከኦርቪል ጋር ገጠመ። አምስተኛ ዙር፣ ስምንተኛ ዙር፤
እንቁራሪቷ ዘለለች፣ የኦርቪል ጆሮ ቀላ፤
ሳንድዊቹ ከወረቀቱ ሳይወጣ ደረቀ፣ ሳይበላ።
በአሥራ ሁለተኛው ልጁ ተሸነፈ።

«ጨዋታ ማለት ይህ ነው» ብዬ ልናገር ነበር፤
የልጁን ፊት አይቼ ተውኩት።
«መቼ ይፈታል?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ፌርማታው ላይ ረጅም ሰልፈኛ፤
እሱም አለ፣ ከኋላ አራተኛ ወይ አምስተኛ፣
ቀድሞ ሊገባ በጎን ሲሾልክ አየሁት።
ደረጃውን ወጣ፤ መክፈያው ላይ አስጠጋት
አፍ ያላትን ሰዓት።
ማሽኑ ጮኸ፣ ቀይ መብራት።
በሩ ክፍት ነው፤ ብርዱ ይገባል፤ ሰው ይጋፋል።
«ውግዝ ናት» አልኩት በአማርኛ፤ ምን ይገባዋል?
ግን ካርታዋን ወደ ኪሱ መለሳት፣
የእውነተኛውን ቲኬት አወጣ።
«በል ግባ» አልኩት፣ «ሁለተኛ
የሰው ተራ እንዳትበላ።»