አስተርጓሚ

ካራቤት ሲሄድ፣ ደሞዝ የለ፣ ሳንቲም የለ፣
«ይችን ውሰድ» ብሎ ቁልፏን ለአባቴ ጣለ።
የአሥራ አንድ ወር ላቡ፣ ሁለት ወንበር ያላት፣
አረንጓዴ ኤምጂ። መንዳት ሳያውቅባት
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከዚራ፣ ኒም ሥር፣
ሲያጥባት ኖሮ ሞተ፤ ቀረችኝ ከነክብር።

ብሎኗ በኢንች ነው። የዚህ አገር መፍቻ
የፈረንሳይ ባቡር ያመጣው፣ ሚሊሜትር ብቻ፤
አሥራ ሁለት አይገባ፣ አሥራ ሦስት ይዞራል፣
ጠርዙን በልቶ በልቶ ሎሚ ያስመስላል።

አው አብዶሽ መጣ፣ የባቡር ጡረተኛ፣
ሠላሳ ዓመት በቶርኖ፣ አንድ ጆሮው የተኛ፤
የሰርዲን ቆርቆሮ በመቀስ ቆረጠ፣
በመፍቻና በብሎን መሀል ሸጎጠ።
«ሁለት ቋንቋ፣ አቦ፣ ካልተግባባ
መሀሉ አስተርጓሚ ይግባ።»

ሦስት ወር። ቦኮላ ቀረጸ፣ ጎማ ከጅቡቲ መጣ፣
ደቻቱ ሞልቶ ጎደለ፣ ደሞዜም ወጣ ወጣ፤
ሚስቴ መቁጠር ተወች።

ካርቡራተሯ ሁለት ነው። ቱቦ ጆሮው ላይ ደግኖ፣
በደህናው፣ ትንፋሻቸውን ሰማ እንደ ሐኪም ሆኖ፤
«ግራው ያለቅሳል» አለ፣ ሩብ ዙር መለሰ፤
ሳል አሉ እኩል፣ ጭሱ ግቢውን አለበሰ።
ከሥሯ ዘይት ጠብ፣ ጠብ። «ይህስ?» ብዬ ብጠይቀው
«አሁን አትፍራ፤ ፍራ፣ መንጠባጠብ ስትተው።»

ማታ ወጣን። መሪዋ በቀኝ ስለሆነ
እሱ ግራ፣ በሹፌር ቦታ፣ ተጀነነ፤
የሌለ ፍሬን ረግጦ፣ የሌለ መሪ ጨብጦ።
ባቡር ጣቢያው ደጅ ስናልፍ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሮጦ
«አው አብዶሽ ነዳ!» ብሎ አጨበጨበ።
እጁን አነሳላቸው።
አላረምኳቸውም። አባቴም፣ አጥቦ ካበቃ በኋላ፣
እዚያው ግራ ወንበር ይቀመጥ ነበር፣
ሞተሯ ሳይነሳ፣ በኒሙ ጥላ።