ከጉልበት በታች

የነሐሱ ማንኳኪያ ከበሬ ላይ በሌሊት ተነቅሎ፣
ልጄ ከቫርና ላከልኝ፣ በካርቶን ጠቅልሎ፣
ገመድ የሌለው ዓይን፤ «አባባ፣ ቀላል ነው» ብሎ።
ቀላል!
ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። መሰላሉ ከኔ ይብሳል፤
እሱ ባንድ እግሩ ያነክሳል፣
እኔ በሁለቱ።

መሰላሉን የያዘልኝ የዳቦ ቤቱ ሩመን፣
«ወደ ግራ፣ ትንሽ… አይ፣ መልሰው፣ ይብቃን።»
ግድግዳው የጥንት ድንጋይ፣ መሰርሰሪያ የማይደፍረው፣
ሦስት ብሎን ሰበርኩበት፤ አራተኛው ነው የያዘው።
ከራውተሩ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ መንገድ፣
ምልክቱ ግን መጣ ሲሉት የሚጠፋ፣ እንደ ተበዳሪ ዘመድ።
ራውተሩን ከቆዳው መደርደሪያ፣ ከሰሙ ጣሳ ጎን ሰቀልኩት፤
ስልኬ ላይ መንገዱ በራ። ሃምሳ ዓመት የኖርኩበት
የፕሎቭዲቭ ዳገት፣ እንደ ባዕድ አየሁት።

የመጀመሪያው ሌሊት ስልኬ አርባ ጊዜ ጮኸ፦
ድመት። ቅጠል። ድመት። ያቺው ድመት።

ጠዋት ራይና መጣች፣ ከማዶ ፎቅ ወርዳ፣
ከነሌሊት ልብሷ ካፖርት ደርባ፣ ነድዳ።
«ስቶይል፣ ያ ዓይንህ መስኮቴን ያያል?»
«በሬን ነው።» «በርህ ሳሎኔ ድረስ ይገባል?»
ስልኩን አሳየኋት። ያያል። መጋረጃዋንም፣ እሷንም፣
ፀጉሯን ስትቀባ፣ ማንም ሊያውቀው የማይገባውን ቀለም።
አፈርኩ።
ከሩመን ጋር ዳግም ወጣን፤ አንገቱን ሰበርነው ወደ ምድር፣
እንደ አዲስ መነኩሴ፣ ከድንጋይ ሌላ እንዳይዳፈር።
«ከጉልበት በታች ውሰድ» አለች፤ «ከዚያ በላይ ያለው
የባለቤቱ ነው።»

አላወቀችም ምን እንደሰጠችኝ!
ጫማ ሰፊ ነኝ እኔ፤ ፊት ነው ሁልጊዜ የሚያመልጠኝ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን በእግሩ አነበብኩት፦
የፋርማሲዋ ልጅ፣ የቀኝ ተረከዟን በጎን የምትበላው፤
ፖስተኛው፣ «ማሰሪያህን እሰር» ስንቴ የነገርኩት፤
የሩመንም ልጅ፦ ሁለት ጥንድ ጫማ ከደጁ ቆመው፣
አፍንጫ ለአፍንጫ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ሳይነቃነቁ።
ከጉልበት በላይ ምን እንደነበረ አልጠይቅም፤
የባለቤቱ ነው።

በጥቅምት፣ ዝናብ ሲጥል፣ ባትሪው አሥራ ሁለት በመቶ ሲቀረው፣
ብስክሌቴን ወሰዱት። ማን? ካሜራው የሚያውቀው
አንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ ነው።
ፔዳሉን ሲረግጥ ጎኑን አሳየኝ። በሁለት ጣት አጎላሁት፤
ሰባት ስፌት በሰም ክር፣ መጨረሻው ሁለቴ የታጠፈ።
እጄን አወቅኩት፣ ሰው የገዛ ጽሕፈቱን እንደሚያውቅ።
በመጋቢት ሠርቼው ነበር፣ ለቬሊን፤
«ሥራ ልጠይቅ ነው፣ ግማሹን ነገ» ብሎኝ የሄደው።

ራይና «ፖሊስ» አለች። ሩመን እጅጌውን ሰበሰበ።
እኔ ምን ልበል? ሕግ ፊት ቀርቤ ስፌት ልቁጠር?
ዝም አልኩ። ጫማ እኮ ተመልሶ ይመጣል፤
የማንም ይሁን የማን፣ የሄደ ሁሉ ሶሉ ያልቃል።

በኅዳር መጣ። ዓይኑ እንደ ካሜራዬ፣ መሬት መሬት።
«አጎቴ ስቶይል፣ ስንት ነው?» «የዛሬው በነፃ ነው፣ አስቀምጠው።»
አዲስ ተረከዝ ሠራሁለት፣ ከሥሩ የግማሽ ጨረቃ ብረት፣
በየእግሩ ስምንት ምስማር፣ ፈረስ የምጭን ይመስል።
አመሰገነኝ። እኔም ስቄ ሸኘሁት።

አሁን ሲያልፍ ድንጋዩ ያወራል፦ ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ፣ ቋ፣
ከፏፏቴው ጥግ ጀምሮ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ።
ውሻው ጆሮውን ያቆማል፤ ራይና መጋረጃ ትገልጣለች፤
ሩመን ሊጡን ትቶ ከበሩ ብቅ ይላል።
የካሜራው ባትሪ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው፤
መሰላል መውጣት ሰነፍኩ።

ብስክሌቱ? አልተመለሰም።
ደወሉ ብቻ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ አንድ ጠዋት ከደጄ አገኘሁት።
ማታ፣ ስተኛ፣ ምንም አልሰማሁ፤
በካልሲ መጥቶ ይሆናል።
ማንኳኪያ ባጣው በሬ ላይ ሰቀልኩት።
የመጣ ሁሉ ያቃጭላል፤
እኔ ግን ጣቱ ሳይደርስ፣ ከእርምጃው፣
ማን እንደሆነ አውቄ ውሃ ጥጄ እጠብቃለሁ።